አራት ኪሎ አካባቢ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያደረግሁት የእርግዝና ክትትል፦ ለፅንሱ አእምሮ ምን ይሰጣል፣ ምን ይጎድለዋል?

እቅጩን ከመጀመሪያው ልናገር። ነፍሰጡር ከሆናችሁ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ክትትል ጀምሩ። ነፃ ነው። ወረፋው ያሰለቻል፣ አግዳሚው ወንበር ወገብ ይፈጃል፣ አንዳንዴም «ኪኒኑ አልቋል፣ ከውጭ ግዢ» ትባላላችሁ። ቢሆንም ለልጁ አእምሮ የሚያስፈልገው ዋና ዋናው ነገር እዚያ አለ። የሚጎድለውን ደግሞ አስቀድማችሁ ካወቃችሁት ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ።

እኔ የምከታተለው አራት ኪሎ አካባቢ ነው፤ አሁን ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ የሚወቀሰውንም በግልጽ ስለምጽፍ። ስታዲየም አካባቢ ያለ አንድ የግል ክሊኒክም ስለሄድኩ የሁለቱን ልዩነት አይቻለሁ።

ሰው «ክትትል» ሲባል ቶሎ የሚመጣለት አልትራሳውንድ ነው። ወንድ ነው ሴት? ማንን ይመስላል? ማየት ያጓጓል፣ እኔንም አጓጉቶኛል። የልጁ አእምሮ የሚገነባው ግን ከእናትየው ደም በሚያገኘው ነው። የበላችው፣ ያጠራት፣ የያዛት በሽታ፣ ያደረባት ጭንቀት፣ ሁሉም በእንግዴ ልጁ በኩል እሱ ጋ የሚደርስበት መንገድ አለው። ስለዚህ አንድን ክትትል ጥሩ ነው የምለው የእናትየውን ጤና በደንብ ሲያውቅ ነው። በዚህ ሚዛን ጤና ጣቢያው የግሉን ክሊኒክ ያስከነዳዋል።

የመጀመሪያ ቀን ካርድ ካወጣሁ በኋላ የተቀበለችኝ አዋላጅ ነርስ ብዙ ጠየቀችኝ። የመጨረሻ የወር አበባሽ የጀመረው መቼ ነው? ከዚህ በፊት ያስወረደሽ አለ? ስኳር፣ ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ እንቅርት አለብሽ? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? እኔ መልሱን እስካስታውስ ታግሳ ጠበቀችኝ፤ ውጭ ደግሞ ሰው እስከ በሩ ተሰልፏል። ከዚያ ሚዛን፣ የክንድ ልኬት፣ ግፊት፣ ሽንት፣ ደም። የግል ክሊኒኩ ውስጥ ግን ሶፋው አሪፍ ነው፣ ሻይም ይቀርባል፣ ስለ መድኃኒት የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

የመድኃኒቱ ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለሚጥል በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ቫልፕሮኤት ይባላል። በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ የፅንሱን አእምሮና ኅብለ ሰረሰር ሊጎዳ እንደሚችል፣ ልጁም ሲያድግ ትምህርት ሊከብደው እንደሚችል በደንብ የታወቀ ነው። ግን የምትወስዱት ካለ በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ የሚጥለው በሽታ ራሱ ለእናትም ለልጅም አደገኛ ነው። ሐኪሙ ይቀይረዋል። ከተቻለ ይህ መሆን ያለበት ከመፀነስ በፊት ነው።

ደሙ ብዙ ነገር ይታይበታል። ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ፣ የደም ዓይነት። ቂጥኝ ሲባል አንዳንዷ ታፍራለች፤ ጎኔ ተቀምጣ የነበረች ልጅ «እኔን ለምን ይመረምሩኛል?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ለሁሉም ነው የሚደረገው። ሳይታከም ከቀረ ፅንሱን ሊያጠፋ ወይም አእምሮውንና ነርቩን ሊጎዳ ይችላል። በጊዜ ከተገኘ ደግሞ በፔኒሲሊን መርፌ ይታከማል።

የደም ዓይነቱም ቢሆን ዝም ብሎ ካርድ ላይ ለማስፈር አይደለም። አያቶቻችን ሾተላይ እያሉ የሚፈሩት ነገር መነሻው እሱ ነው። የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የእናትየው ሰውነት የልጁን ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መዋጋት ይለምዳል፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ ይተርፍና ጉዳቱ በቀጣዩ ላይ ይወድቃል። ሕዋሱ ሲፈርስ የሚወጣው ቢጫ ነገር ከተወለደ በኋላ በጣም ከበዛ አእምሮ ውስጥ ይገባል፣ መስማትንና እንቅስቃሴን ያበላሻል። መከላከያ መርፌ አለው። በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል፣ ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። መርፌው ውድ ነው። ስለዚህ ኔጌቲቭ ከተባላችሁ ከአሁኑ ገንዘቡን አዘጋጁ፣ የት እንደሚገኝም አጠያይቁ።

አሁን በጣም የወደድኩትን ልንገራችሁ። የደም ማነስ ምርመራዬ፣ የሄሞግሎቢን መጠኔ ማለት ነው፣ 11.8 ግራም ወጣ። ወረቀቱ ላይ ለነፍሰጡር 11 እና ከዚያ በላይ ደህና ነው ይላል። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል ሲስተር «ቆይ የኔ እናት፣ ይሄ ቁጥር የቆላ ሰው ቁጥር ነው» አለችኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የደገኛ ሰውነት በተፈጥሮው ሄሞግሎቢን፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር፣ ያበዛል። በዚህ ከፍታ መነሻውን ቢያንስ በ1 ግራም ያህል ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። እኔ እንግዲህ ደህና የመሰልኩት የደም ማነስ ጫፍ ላይ ቆሜ ነው። የግሉ ክሊኒክ ያንኑ ቁጥር አይቶ «ኖርማል» ብሎ ነበር ያሰናበተኝ። ይህችን አዋላጅ እግዜር ይስጣት።

ለምን ይህን ያህል ትጨነቃለች ካላችሁ፣ አይረን ለአእምሮ ወሳኝ ስለሆነ ነው። የነርቭ ሕዋሳት መልእክት ቶሎ እንዲያስተላልፉ የሚለብሱት ሽፋን ያለ አይረን በደንብ አይሠራም። ትውስታ የሚቀመጥበት የአእምሮ ክፍልም ይፈልገዋል። የሚገርመው ደግሞ አይረን ሲያጥር ፅንሱ ያለችውን ቅድሚያ ለደሙ ይሰጣል፣ አእምሮው የሚደርሰው የተረፈው ነው። ልጅ ከተወለደ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀምበትን አይረን የሚያጠራቅመውም በአብዛኛው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። እኔ አሁን ያለሁበት ጊዜ ማለት ነው።

የሚሰጡት ኪኒን 60 ሚሊግራም አይረንና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ በአንድ ላይ የያዘ ነው። በቀን አንድ። እዚህ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ሲስተር ሳትኖር ሌላ ሰው ሲሰጠን ኪኒኑን በትንሽ ላስቲክ ጠቅልሎ አቀበለን፣ አለቀ። እንዴት እንደሚወሰድ ቃል አልተነፈሰም። ወረፋ ላይ ያገኘኋቸው ሴቶች ብዙዎቹ «ሆዴን አሳመመኝ» ብለው ትተውታል፤ አንዷ ደግሞ ሰገራዋ ሲጠቁር የደማች መስሏት ደንግጣ ጥላዋለች። መጥቆሩ የአይረኑ ነው፣ አያስፈራም። ሆድ ካስቸገረ ከእራት በኋላ መውሰድ ይቻላል። ካደረቃችሁ ውሃ አብዙ፣ አትክልት ብሉ። ብርቱካን ወይም ሎሚ ሰውነት አይረኑን እንዲቀበል ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ይከለክሉታልና በመካከል ሁለት ሰዓት ያህል ክፍተት ይኑር።

ስለ ቡና አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም አገራችን ነው። ለነፍሰጡር የተለመደው ምክር ካፌይኑ በቀን ከ200 ሚሊግራም አይለፍ የሚል ነው። እኔ አቦሏን እጠጣለሁ፣ ቶናና በረካውን ለጎረቤት እተዋለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ አኮረፉ፤ አሁን ለምደውታል።

ወደ ትልቁ ጉድለት ልምጣ። ፎሊክ አሲዱ የሚሰጠው ዘግይቶ ነው። የአእምሮና የኅብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው የነርቭ ቱቦ እንደ ዚፕ የሚዘጋ ነገር ነው፤ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። አስቡት፣ በዚያ ጊዜ ብዙዋ ሴት የወር አበባዋ የዘገየባት ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። እንደ አብዛኞቻችን በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ካርድ ስታወጣ ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። ቱቦው ታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ የጀርባ አጥንት ክፍተት ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ጭንቅላት ውስጥ ውሃ መጠራቀም ይከተለዋል። ላይ በኩል ሳይዘጋ ከቀረ አእምሮውና የራስ ቅሉ አይሠሩም፣ ልጁ አይኖርም። አገራችን ይህ ችግር ከሚበዛባቸው አንዷ ናት። እዚሁ መሀል ከተማ ዘውዲቱ ሆስፒታል እንዲህ ያሉ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል፤ ልጆቻቸውን ታቅፈው የሚጠብቁ እናቶችን ያየ ሰው ስለ ፎሊክ አሲድ ዝም ማለት አይችልም።

መከላከያው ርካሽ ኪኒን ነው። ሙሉ በሙሉ አይከላከልም፣ አብዛኛውን ግን ያስቀራል። ለመውለድ የምታስብ ሴት ሁሉ ከመፀነሷ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላ በቀን 400 ማይክሮግራም መጀመር አለባት። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ከሆነች መጠኑ አሥር እጥፍ፣ 4 ሚሊግራም ይሆናል፤ እሱን ሐኪም ነው የሚያዘው። ጎመንና ምስር ፎሌት፣ ማለትም ምግብ ውስጥ የሚገኘው የፎሊክ አሲድ ዓይነት፣ አላቸው፣ ብሉ። ግን ስንቀቅላቸው ብዙው ይጠፋል፤ ምግብ ብቻውን አይበቃም። ጤና ጣቢያው የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል አለው፣ መርፌዋን አቁማ ልጅ ልትወልድ የወሰነች ሴት ለመሰናበት የምትመጣው እዚያ ነው። እዚያው ክፍል «እንግዲያው ይህቺን ይዘሽ ሂጂ» ብሎ ፎሊክ አሲድ መስጠት ምን ይከብዳል? እኔ ስወጣ የሰጠኝም የነገረኝም የለም። ራሴ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ገዛሁ።

ሁለተኛው ጉድለት ጨው ነው። ስለ ጨው ማንም አልጠየቀኝም። ፅንሱ የራሱ የእንቅርት ዕጢ፣ ታይሮይድ ማለቴ ነው፣ በደንብ ሥራ እስኪይዝ ድረስ እስከ እርግዝናው አጋማሽ ገደማ የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው። ያ ሆርሞን ደግሞ ያለ አዮዲን አይሠራም። የአእምሮ ሕዋሳት ተፈጥረው ቦታ ቦታቸውን የሚይዙት በዚያው ጊዜ ነው። እናት አዮዲን በጣም ካጠራት ልጁ በአእምሮ ዕድገት ሊጎዳ፣ መስማትም ሊሳነው ይችላል። ደጋ አገር የኖረ ሰው እንቅርት ያለባት አክስት ወይም አያት አያጣም፤ አፈሩ አዮዲን ያንሰዋል። ነፍሰጡር በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል፣ ሌላው አዋቂ 150።

ጨዋችን አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ እንደ ፈረንጆቹ በ2011 ወጥቷል። ግን ገበያ ላይ በማዳበሪያ ተዘርግቶ ፀሐይ የሚመታው ጨው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ እግዜር ነው የሚያውቀው። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይጠፋል። የታሸገውን ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ። ጨው አብዙ አላልኩም፤ ግፊት አለ።

ሦስተኛው ጥሬ ሥጋ ነው፤ ይህንንም አይናገሩም፣ በእኛ ከተማ! ነፍሰጡር ክትፎ አማራት ከተባለ ቤተሰብ ሁሉ ይሯሯጣል፣ አምሮት እንዳይቀርባት ተብሎ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። እናትየዋን ላይሰማት ይችላል። በእርግዝና ጊዜ አዲስ ከያዛት ግን ወደ ፅንሱ አልፎ አእምሮውንና ዓይኑን ሊጎዳ ይችላል። ክትፎውን በደንብ አስበስሉት፣ ቅቤውና ሚጥሚጣው እንዳለ ነው። የድመት ኩስ ሌላ ሰው ይጥረግ። ሰላጣ በደንብ ይታጠብ።

መጠጥም እንዲሁ ነው። «ትንሽ ጠላ ምን ታደርጋለች» የሚሉ እናቶች አሉን፣ በፍቅር ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። ጠላም፣ ጠጅም፣ ቢራም ሆነ ወይን አልኮሉ በቀጥታ ፅንሱ ጋ ይደርሳል፣ የልጁ ጉበት ደግሞ ገና ነው፣ ሊያጣራው አይችልም። ይህን ያህል አይጎዳም ተብሎ የታወቀ መጠን የለም። ካርዴ ላይ ስለ መጠጥና ሲጋራ መጠየቂያ ቦታ አለው፣ ጠየቁኝም። ይመቻቸው።

ግፊትና ሽንት በየቀጠሮው ያያሉ፣ እዚህ ላይ አንድም ቀን አልዘለሉም። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ሽንት ላይ ፕሮቲን ከታየ ጉዳዩ ሌላ ነው። እንግዴ ልጁ በቂ ደም አያገኝም፣ ልጁ ይቀጭጫል፣ አንዳንዴም ያለ ቀኑ ማዋለድ ግድ ይሆናል። ያለ ጊዜው መወለድ ደግሞ ለአእምሮ ትልቅ ነገር ነው። በ35ኛው ሳምንት የፅንሱ አእምሮ ክብደቱ በሙሉ ቀኑ ሲወለድ ከሚኖረው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊት ማበጥ ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ጋንዲ ወይም ሌላ ሆስፒታል ይልካል፤ አንዷን ሴት በአምቡላንስ ወዲያው ሲልኳት አይቻለሁ፣ እዚህ ላይ አይሰንፉም።

አልትራሳውንዱስ? ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ሥዕሉም ደብዛዛ። ግን ዕድሜውን፣ የልብ ምቱን፣ አቀማመጡን ያሳያል፤ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንዴ በደንብ መታየቱ ነው ዋናው። የግል ክሊኒኩ ሥዕል ያምራል፣ የልጄን አፍንጫ አይቼ አልቅሻለሁ። ገንዘብ ካላችሁ ታዩት፤ ከሌላችሁ ግን በዚህ ምክንያት ለልጄ አነሰሁ ብላችሁ እንዳታዝኑ። የጀርባ አጥንቱንና ጭንቅላቱን በደንብ የሚያይ ባለሙያ ካስፈለገ ሐኪም ሆስፒታል ይጽፍላችኋል።

የቀረኝ የልብ ነገር ነው። ባለቤቴ ሥራ አጥቶ የከረመበት ጊዜ ነበር፣ ቤት ኪራይም ጨመረብን፤ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ክፍሉ ውስጥ «እንዴት ነሽ?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ፣ ግን እንደ ሰላምታ ነው፣ መልሱን የሚጠብቅ አልነበረም። ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው። የዕለት ንዴትና ሐሳብ ልጅ አይጎዳም፣ እንግዴ ልጁ አብዛኛውን የእናትየውን የጭንቀት ሆርሞን ያመክነዋልና በዚህ አትሸበሩ። ለሳምንታት የማይለቅ ድብርት ግን ሌላ ነው። ያለ ጊዜ ከመውለድና ከክብደት ማነስ ጋር ተያይዞ ይታያል፤ እናትየዋም ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ኪኒኗን ታስታውሳለች ማለት ይከብዳል። በቀጣዩ ቀጠሮ ራሴው አነሳሁት። ሲስተር በሩን ዘጋች፣ ወንበሯን አስጠጋች፣ እስክጨርስ ሰማችኝ፣ ከዚያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያለበትን ክፍል አሳየችኝ። እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር! ግድግዳው ላይ እንኳን ምልክት የለውም። ስለዚህ ካልጠየቋችሁ እናንተ ንገሩ።

ለሚሄድ ሰው፦ ጠዋት በጊዜ ድረሱ፣ ላብራቶሪው ከሰዓት አያስተማምንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ ከ2016 ጀምሮ ቢያንስ 8 ጊዜ መታየትን ይመክራል፣ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሆዳችሁ እስኪታይ አትጠብቁ። የምትወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ያዙ። ቁርስ ቋጥሩ። ባሎችን ይዛችሁ ሂዱ፣ አይከለክሉም፤ የኔው ስለ ኪኒኑና ስለ ቡናው ከሲስተር አፍ ከሰማ ወዲህ ቤት ውስጥ ጥብቅ ተቆጣጣሪ ሆኗል። የሚጾም ካለ ደግሞ ነፍሰጡር እንደማትገደድ የንስሐ አባታችሁም ይነግሯችኋል፤ ወተትና እንቁላል ለረጅም ጊዜ ሲቀር ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ስለሚያጥር ካርድ ስታወጡ ይህንንም ለነርሷ ንገሯት። ኪኒን አለቀ ከተባላችሁ ባዶ እጃችሁን እንዳትመለሱ፣ ማዘዣ አስጽፋችሁ በመንገዳችሁ ካለ ፋርማሲ ውሰዱ፤ በማግስቱ ሲመጣ እንደሚደውሉልኝ ቃል ገብተውልኝ እስከ ዛሬ አልደወሉም።